በመስኮቱ ላይ የነበረው ማውስ ፓድ

ስልኳ ሲጠራ ኢንስፔክተር ዘቢደር ፒያሳ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት ኬክ ቤቶች በአንዱ ባንኮኒውን ተደግፋ ማኪያቶዋን እየጠበቀች ነበር። ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ተኩል ነው። ሳጅን ሐጎስ እንደ ልማዱ ትንፋሽ ሳይወስድ አወራ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለ ጌም ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ኮምፒዩተር ፊት እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኝቷል። ደም የለም፣ ቁስል የለም፣ ፊቱም እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። ማኪያቶው መጣ። ዘቢደር ሳትቀምሰው ከፍላ ወጣች። በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ሳትጠጣው የተወችው ማኪያቶ ቢጠራቀም አንድ ኬክ ቤት ያስከፍታል።

የሰፈሩ ግማሽ ፈርሷል። የቀረው ግማሽ ደግሞ የሚፈርስበትን ቀን ይጠብቃል። ጌም ቤቱ ያለበት አሮጌ ቤት ምልክት ከተደረገበት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይፈርሳል ስለተባለ ማንም አይጠግነውም፣ ምልክት ስላለበትም የሚከራየው ሌላ ሰው የለም። ውስጡ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ሟቹ ዘሩባቤል ይባላል፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ጆሮ ማዳመጫው ጆሮው ላይ፣ ቀኝ እጁ ማውሱ ላይ ነበር። ከማውሱ ሥር በመቀስ የተቆረጠች የወለል ምንጣፍ ተነጥፋለች። ከጀርባው፣ ከፍ ብሎ፣ መስተዋቱ የወደቀ ጠባብ መስኮት አለ፤ መስኮቱ ጄኔሬተሩ ወደተቀመጠበት ጓዳ ይከፈታል። በሁለት ምስማር የተሰቀለ ነጭ ጨርቅ ሸፍኖታል።

በሩ ላይ የእሑድ ኮታቸውን የለበሱ አዛውንት ቆመዋል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«አባቱ ናቸው» አለ ሐጎስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መምህር ገብረአብ ይባላሉ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ጌም ውስጥ ከገባ ወዲህ ስምንት ወር ተኳርፈው ነበር። ዛሬ ሊታረቁት መጥተው ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሩን ሲያንኳኩ ቆዩ። ተቀይሞ አልከፍትም ያላቸው መስሏቸው። ባለቤቱ አጥናፉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በቁልፉ ሲከፍት ነው ያገኙት።»

ዘቢደር ጠጋ ብላ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አለቻቸው።

«ማን እንደገደለው ብቻ ንገሩኝ» አሉ መምህር ገብረአብ። «ልጄ ጤነኛ ነበር። ሰኞ ወደ ናይሮቢ ለውድድር ሊሄድ ነበር። ዝም ብሎ አይሞትም። ማን ነው? ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በጋዜጣው ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቀቻቸውም፤ ምንም አልጠየቀቻቸውም። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ይደገፋል፣ ውሃ ይሰጠዋል፣ ቤቱ ድረስ ይሸኛል እንጂ አይመረመርም። ዘቢደርም ያደገችበትን ደንብ ጠብቃ ሁለት ፖሊስ አስከትላ ሸኘቻቸው። ያ ጨዋነት ሦስት ቀን አስከፈላት።

የሆስፒታሉ ውጤት ሰኞ ደረሰ። የጄኔሬተር ጭስ ነው። ጠዋት መብራት ሲጠፋ ዘሩባቤል ራሱ ጄኔሬተሩን አስነስቶ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ወደ ልምምዱ ተመልሷል። ሐጎስ አደጋ ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ዘቢደር አጥናፉን ጌም ቤቱ ውስጥ አስጠራች። አጥናፉ አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ዕንቅልፍ ማጣቱ ፊቱ ላይ የሚታይ ሰው ነው።

«የጄኔሬተሩ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ መቼ ነው የተቀደደው?»

«ሁለት ዓመቱ ነው» አለ እያፈረ።

«በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ታመመብህ?»

«ኧረ አንድም ሰው! ራስ ምታት ያለ እንኳ የለም።»

«ታዲያ እሑድ ምን ተለየ?»

አጥናፉ ወደ መስኮቱ ቀና አለ። «ያ ነጭ ጨርቅ የኔ አይደለም። ቅዳሜ ማታ አይቼው ዘሩ ቀይሮት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። መስተዋቱ ከወደቀ ወዲህ እዚያ ላይ የነበረው ማውስ ፓድ ነው። ከክንድ የሚረዝም ትልቅ፣ ላዩ ጨርቅ፣ ሥሩ ወፍራም ጎማ። ዙሪያውን በፕላስተር ተለጥፎ ጭስ አያስገባም ነበር። ዋጋው አሥራ አራት ሺህ ብር ነው።»

ሐጎስ አፏጨ። «ለማውስ ምንጣፍ? በዚህ ዋጋ እኔም ተኝቼበት ማደር አለብኝ።»

«እሱም የሚለው ይህንኑ ነበር» አለ አጥናፉ፤ ስልኩንም አውጥቶ ቪዲዮ ከፈተ።

በቪዲዮው ዘሩባቤል በሕይወት አለ፤ ይስቃል። የጌም ዕቃ ነጋዴው ካሊድ ፓዱን ያለ ዋጋ ሰጥቶታል፤ እንዲያመሰግንለት። እሱ ግን አሥር ዙር በውዱ ላይ፣ አሥር ዙር በምንጣፍ ቁራጯ ላይ ተጫውቶ ውጤቱን ጎን ለጎን አሳየ። ልዩነት የለም። «ወገን፣ ብራችሁን አታቃጥሉ» አለ ወደ ካሜራው ጠጋ ብሎ። «ጨርቅ ያው ጨርቅ ነው። ይሄ ለመስኮት መጋረጃ ይሆናል።» ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ ፓዱን መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል።

«ስለ ጭሱ ለምን አላነሳም?» አለች ዘቢደር።

አጥናፉ አንገቱን ደፋ። «እኔ ለመንኩት። ወላጅ ጭስ አለ ብሎ ከሰማ ልጁን ማን ይልክልኛል? መጋረጃ በለው አልኩት።»

ስለዚህ አንድ ሰው ከቅዳሜ ማታ በፊት ፓዱን አውርዶ በቦታው ጨርቅ ሰቅሏል። ሐጎስ ያንኑ ዕለት ካሊድን አሰረው፤ ለማሰርም ምክንያት አልጠፋም። በሟቹ ስልክ ውስጥ የካሊድ የድምፅ መልእክት ተገኝቷል። «ያንን ፓድ ካላወረድክ እኔ መጥቼ አወርድልሃለሁ!» ይላል። ካሊድ ቅዳሜ ድልድዩ አጠገብ ታይቷል። እህቱ ዐፊፋ ደግሞ ነርስ ናት፤ መስኮቱ ላይ የተሰቀለው ነጭ ጨርቅ የተቆረጠ ጋውን ነው። ሐጎስ ይህን ሲያውቅ እጁን በእጁ መታ።

ካሊድ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያርገበግባል።

«አወርደዋለሁ አልኩ እንጂ አላወረድኩም» አለ። «ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ሱቄ የገባ ሁሉ ‹መጋረጃ አለህ?› እያለ ይስቅብኛል። ሰው ዕቃዬን ባይገዛ አንድ ነገር ነው፤ አጭበርባሪ ነው ሲለኝ ግን አልችልም።»

«ፓዱ ግን ዋጋውን ያወጣል?»

«ለሚያውቅበት ያወጣል! ጨርቁ እጅን አይዝም፣ ላብ አይጠጣም፣ ጎማው ከጠረጴዛ አይላቀቅም። አየር እንኳ አያሳልፍም። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ኢንስፔክተር። ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ነው በምንጣፍም የሚያሸንፈው። ለሱ የሠራ ለሁሉ ይሠራል?» እንባው መጣ። «ፓዱን ምን ላደርገው እወስደዋለሁ? ሱቄ ሙሉ ነው። አቧራ የጠጣ፣ ፕላስተር የተለጠፈበት ዕቃ ለምኔ? ዳኛው ፊት ረቡዕ ትቀርባለህ ብለውኛል። ሰው ገደልክ ተብዬ ልቅር?»

ማክሰኞ ዘቢደር ብቻዋን ወደ ጌም ቤቱ ተመለሰች። ወንበር ላይ ወጥታ የመስኮቱን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። ፕላስተሩ አልተቦጨቀም። በውሃ ርሶ፣ በጥፍር ቀስ ተብሎ ነው የተላጠው። ከዚያ ጨርቁን አውርዳ ጥቁሩ ጠረጴዛ ላይ አራገፈችው። ከስፌቱ ውስጥ ነጭ ዱቄት ወረደ። በጣቷ አሸችው፤ አሸተተችው። ጠርዙ ላይ ሁለት የቀይ ብዕር ጭረቶች አሉ። የጠረጠረችውን ለራሷም ቢሆን ልትለው አልፈለገችም።

ፀደንያን ያገኘቻት እዚያው ነው። ፀደንያ የዘሩባቤል የቡድን ጓደኛ ናት፣ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ወደ ናይሮቢ በእሱ ቦታ ሂጂ ቢሏት እንቢ ብላ ቀርታለች። ዓይኗ አብጧል።

«እውነት ንገሪኝ» አለቻት ዘቢደር። «ያ ፓድ ለዘሩባቤል ይጠቅመው ነበር?»

«ለጀማሪ ብር ማቃጠል ነው። ለሱ ግን...» አለች ፀደንያ። «እጁ ያልበዋል። ጨዋታው ሲረዝም ምንጣፉ ማውሱን ይይዘዋል። ናይሮቢ ላይ ደግሞ ጨዋታው ረጅም ነው። ያን ቪዲዮ ሲሠራ ብር ተቀብሎ አመሰገነ እንዳይባል ፈርቶ በጣም ጨከነበት። ከለጠፈው በኋላ ደግሞ ማውረድ አፈረ። አንዳንዴ ቀና ብሎ ያየው ነበር።»

«ቅዳሜ ቤቱ ባዶ የሆነበት ሰዓት አለ?»

«የለም። ዘሩ የጉዞውን ወረቀት ሊጨርስ ሄዶ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ አጥናፉ ቤንዚን ሊያመጣ ወጣ፣ እኛም ልንበላ ወጣን። ግን ቤቱን ሰው አስቀምጠን ነው። መብራትም ቀኑን ሙሉ አልጠፋም።»

«ማንን አስቀምጣችሁ?»

ፀደንያ ነገረቻት። ሰውየው እንደመጡ ለዘሩ እንዳትነግረው፣ ነገ ራሳቸው እንደሚመለሱ እንደለመኗትም ጨምራ ነገረቻት። ዘቢደር ብዕሯን አስቀመጠች።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሐዘን ድንኳኑ ሄደች። መምህር ገብረአብን ለብቻቸው አስነስታ «ከሰዓት በኋላ ነገሩን እንዘጋለን። እርስዎ አይምጡ፣ እኔ መጥቼ ብቻዎን እነግርዎታለሁ» አለቻቸው።

«የልጄን ገዳይ ዓይኑን ሳላየው?» አሉ። «ስምንት ወር ፊቴን ነሣሁት። አሁን ደግሞ ለፍርዱ ልቅርበት? እመጣለሁ።»

ዘቢደር ብትለምንም አልሰሟትም። ካሊድም ዳኛ ፊት የሚቀርበው በዚያው ከሰዓት በኋላ ነበርና ነገሩን ማሳደር አልቻለችም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ጌም ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አጥናፉ ባንኮኒው ኋላ ቆመ። ፀደንያ ግድግዳ ተደገፈች። ካሊድን ሁለት ፖሊሶች አምጥተው አስቀመጡት። መምህር ገብረአብ መጨረሻ ገቡ። ያን የጋዜጣ ጥቅል ይዘዋል። «ጠረጴዛው ላይ ላኖርለት ነው» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው፤ ከዚያ ካሊድን ትክ ብለው ማየት ጀመሩ።

ዘቢደር መሐላቸው ቆመች። በሌላ ጊዜ ይህን ሰዓት ትወደው ነበር።

«ሁላችንም ማን ጠላው ብለን ጀመርን» አለች። «መጠየቅ የነበረብን ግን ሌላ ነው። ፓዱ ለምን ሳይቀደድ ወረደ? ጭስ ሊያስገባ የፈለገ ሰው ቦጭቆ ይጥለዋል። ይህ ሰው ፕላስተሩን በውሃ አርሶ፣ በጥፍሩ ልጦ፣ ፓዱ እንዳይጎዳ ተጠንቅቆ ነው ያወረደው። ባዶውን አልተወውም፤ ጨርቅ ሰቀለበት። የሰው ቤት ክፍት ሆኖ እንዳይቀር የሚጨነቅ ሰው ነው።»

«ካሊድ አይጨነቅም?» አለ ሐጎስ።

«ካሊድ ቢያወርደው የሚያወርደው ሰው እንዲያይለት ነው። ፎቶ አንስቶ ለሁለት መቶ ሺህ ሰው ይለጥፈው ነበር። ጎማው አየር እንደማያሳልፍ የነገረኝም እሱ ራሱ ነው፤ ጥፋተኛ ቢሆን ይደብቀው ነበር። ጋውኑም የነርስ አይደለም። ስፌቱ ውስጥ ያለው ዱቄት ጠመኔ ነው፣ ጠርዙ ላይ ያለው ቀይ ብዕር የእርማት ነው።»

ሐጎስ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ የዐፊፋን ስም ሰረዘ።

«አጥናፉ አይደለም፤ ባንኮኒው ከመስኮቱ አጠገብ ነው፣ ጭሱ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ፀደንያም አይደለችም፤ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ቢጠፋ ከሟቹ ጎን የምትቀመጠው እሷ ናት። ሁለቱም ከመስኮቱ ወዲያ ምን እንዳለ ያውቃሉ። ፓዱን ያወረደው ሰው ግን አያውቅም። መጋረጃ ነው ብሎ አመነ። ማን ነው እንዲህ የሚያምን? ቪዲዮውን ብቻ ያየ ሰው ነው።»

የጋዜጣ ድምፅ ተሰማ። መምህር ገብረአብ ጥቅሉን እየፈቱ ነበር። ክሩ አልፈታ ስላላቸው ፀደንያ ልታግዛቸው ተነሳች፤ በእጃቸው ከለከሏት። ጋዜጣው ሲገለጥ ጥቁሩ ፓድ ወጣ። ታጥቦ ጸድቷል። የልብስ ሳሙና ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«ሁለት ጊዜ አጠብኩት» አሉ። «አቧራ ነበረበት።»



«ሱቅ ሄጄ ነበር» አሉ፤ አሁን ካሊድን በሌላ ዓይን እያዩት። «አላስታወስከኝም እንጂ ዋጋውን የነገርከኝ አንተ ነህ። የአንድ ወር ደሞዜ አይበቃውም። ቅዳሜ ከማጠናከሪያ ትምህርት ስወጣ ልጄን ዓይኑን እንኳ ልየው ብዬ መጣሁ። አልነበረም። ቀና ስል ዕቃው መስኮት ላይ ተለጥፏል። እግዜር ነው ያሳየኝ አልኩ። አሮጌ ጋውን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጀርባውን ባንኮኒው ላይ ባገኘሁት መቀስ ቆረጥኩና ሰቀልኩት።»

«እሱ ግን አይረባም ብሎ ነበር» አለ አጥናፉ ሳያስበው።

«ያጣውን ነገር ሁሉ አይረባም ይላል። ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ጫማ ሳንገዛለት ስንቀር፣ ‹ጫማ አልወድም› ብሎ እናቱን ያጽናና ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ አውቀዋለሁ። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጨዋታው አይገባኝም፤ ድምፁን ልስማ ብዬ ነው።» ፓዱን በመዳፋቸው ደባበሱት። «ፓዱን እንደሚፈልገው አወቅሁ። ጨርቅ ያው ጨርቅ ነው ያለውን ግን አመንኩት።»

ከዚያ ወደ ዘቢደር ዞሩ። «ሳንኳኳ በሕይወት ነበር?»

ዘቢደር መዋሸት ትችል ነበር። ሐኪሙ የጻፈውን ሰዓት ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። እኚህ ሰው ግን አርባ ዓመት የሰው ስሕተት በቀይ ብዕር ሲያርሙ የኖሩ ናቸው፤ ውሸቷን ከፊቷ ያነቡታል።

«ሐኪሙ እንደሚገምተው መጀመሪያ ላይ ነበር» አለች።

መምህር ገብረአብ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የአንድ ከባድ ሒሳብ መልስ እንደወጣለት ሰው። ተነሥተው ካሊድ ፊት ቆሙና ጎንበስ አሉ። ካሊድ ደንግጦ ትከሻቸውን ያዘ። «ተዉ ጋሼ፣ ተዉ!» እያለ እሱም አለቀሰ። ለሁለት ቀን ያለ ጥፋቱ መታሰሩን ረስቶት ነበር።

ቀና ሲሉ ሁለት እጃቸውን ወደ ዘቢደር ዘረጉ። «እሰሩኝ።»

«ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን አይቶ ይወስናል» አለች። «ዛሬ እርስዎን የማስርበት ምክንያት የለኝም። ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«ወደ ቤቴ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ባለቤቴ የሺ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። የገዳዩን ስም ይዤላት እንድመለስ ነው የላከችኝ። ምን ልበላት? ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ እሰሩኝ። አንድ ሌሊት ብቻ።»

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አትሰሪኝ ብሎ የለመናት ብዙ ነው፤ እሰሪኝ ብሎ የለመናት ግን አልነበረም። ሕጉ ለዚህ ምንም አላዘጋጀላትም። ዘቢደር የተዘረጉትን እጆች በእጆቿ ያዘችና ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደቻቸው።

ሐጎስ ምንም ሳይል ክንዱን ሰጣቸው። ሦስቱ ቁልቁለቱን ወረዱ። ፍርስራሹ መሐል የተተከለው ድንኳን ከሩቅ ይታያል። አንዳንዴ እየቆሙ፣ አንዳንዴ እየሄዱ፣ አሥር ደቂቃ የማይፈጀው መንገድ ግማሽ ሰዓት ወሰደባቸው።

ወይዘሮ የሺ ከፍራሹ ላይ ተነሡ። ባላቸውን አይተው ምንም ስላልገባቸው ወደ ዘቢደር ዞሩ።

«ታወቀ?» አሉ። «ማን ነው?»

መልሱ የዘቢደር አልነበረም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። መምህር ገብረአብ የሐጎስን ክንድ ለቀው ሚስታቸው እግር ሥር ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ያዙና ከቅዳሜ ምሳ ሰዓት ጀምረው ይነግሯቸው ጀመር።